የመርከቡ ድስት

በ1978 ዓ.ም. ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ወሩ መጋቢት ነው፤ ዐቢይ ጾም ገብቶ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል። ጋምቤላን በመጋቢት የቀመሳት ያውቃታል፤ ጥላ ሥር ተቀምጠህም ላብህ እግርህ ድረስ ይወርዳል።

የምሠራው ከከተማው ወደ አቦቦ በሚወስደው መንገድ፣ በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል የሚያስኬድ አንድ የሰፈራ ጣቢያ ውስጥ ነበር። ሥራዬ ወጥ ቤት ነው። ትውልዴ ጎሬ ነው። በአሥራ ስምንት ዓመቴ የቡና ጆንያ ላወርድ በጭነት መኪና ወደ ቆላው መጣሁና ሳልመለስ ቀረሁ። ማብሰል የለመድሁት ከመንገድ ሠራተኞች ጋር ነው። ፊደል የቆጠርሁት ደግሞ በመሠረተ ትምህርት ነው፣ እሱም ካልተማርህ ራሽን የለህም ተብዬ። እጄ ለጭልፋ እንጂ ለእስክሪብቶ አልተፈጠረም። ስለዚህ ጽሕፈቱ ካላማራችሁ ነገሩን ተመልከቱልኝ።

ሰፋሪዎቹ ከወሎ የመጡ ነበሩ፤ ክርስቲያንም እስላምም አለበት። ድርቁ ባደቀቃቸው ላይ የቆላው ወባ ተጨመረባቸው። ጤነኛው ራሽኑን ተቀብሎ በየጎጆው ያበስላል። የኔ ድርሻ አቅም ያነሳቸው ሕፃናትና እናቶቻቸው ናቸው። ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ አጥሚት እሰጣለሁ። እናቶቹ ጾመኞች ስለሆኑ አጥሚቱ ውስጥ ከዱቄት፣ ከስኳርና ከጨው በቀር ምንም አልጨምርም፤ የሕፃናቱ የወተት ዱቄት ለብቻ በየጣሳቸው ይበጠበጣል። ይህን ሥርዓት ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሴቶቹ ለዚህ ነው የሚያምኑኝ።

ችግሬ ዕቃ ነበር። ጣቢያው ሲቋቋም ሁለት ትልልቅ የአሉሚኒየም ድስቶች መጥተው ነበር። አንዱ ቂጡ ተበሳ። ሌላው ለእንግዳ ማረፊያ ይፈለጋል ተብሎ ሄደ። እኔ ከግማሽ በርሜል ጋር ቀረሁ። በርሜሉ የናፍጣ ነበር። በአመድ ፈተግሁት፣ ገለባ አቃጠልሁበት፣ በፈላ ውሃ ሦስቴ አጠብሁት፤ አልወጣም። እሳት ሲነካው ናፍጣው ከብረቱ ውስጥ እንደ ላብ ይመጣል። ልጆቹ ይጠጡና መልሰው ያወጡታል።

ከሁሉም የባሰባት እናኑ የምትባል የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ ተዋበች ሁለት ልጆቿን መንገድ ላይ ቀብራ እሷን ብቻ አቅፋ የመጣች ሴት ናት። ዕድሜዋ ከኔ ብዙም አይርቅም፤ ፊቷን ግን ብታዩት እናቴ ትመስላችሁ ነበር። ብዙ አትናገርም። ልጅቷ ያስታወከችውን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግና እኔን ታየኛለች።

አንድ ሰኞ የጣቢያው ድሬሰር፣ በሽተኛ የሚያየው ደጀኔ፣ ወደ ማድ ቤቱ መጣ። የናዝሬት ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ሁልጊዜ የቸኮለ።

«ታደሰ፣ የተዋበች ልጅ ከቅዳሜ ጀምሮ ሆዷ ውስጥ የረጋ ነገር የለም። በዚህ በርሜል መስጠቱን ብትተወው ይሻላል።»

«ትቼ በምን ልስጣት፤ በመዳፌ?»

«ድስት ፈልግ።»

«እኔ አንተን መድኃኒት ፈልግ ብልህ ታገኛለህ?»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እስከ ሐሙስ አንድ ነገር ሆዷ ካልያዘ ዓርብን አታይም፤ ነግሬሃለሁ» አለኝ።

ወደ ጣቢያው ኃላፊ ሄድሁ። ጠረጴዛው ላይ የወረቀት ክምር፣ በወረቀቱ ላይ ድንጋይ፣ ንፋስ እንዳይወስደው።

«ጓድ ታደሰ፣ የዕቃው ጥያቄ ወደ በላይ አካል ተልኳል።»

«መቼ ይመጣል?»

«ሲመጣ።»

«ልጆቹስ?»

«ጓድ፣ አንተ አብስል።»

እልኸኛ ነኝ፤ ሚስቴም ሞታ እስክትለየኝ በዚህ ስትሰድበኝ ነው የኖረችው። ማታውን የማድ ቤቱን ሥራ ለሁለት ሴቶች አስረክቤ፣ በማግስቱ ጠዋት ወደ ከተማ የሚወጣው ትራክተር ተጎታች ላይ ተሳፈርሁ። ትራክተሩ በየጠዋቱ ሄዶ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። በከተማው ያሉትን ሆቴሎች ሁሉ ዞርሁ። ድስት የሚያውስ የለም። ራሳቸውም ተቸግረዋል።

መጨረሻ ላይ እግሬ ወደ ባሮ ወሰደኝ። በመጋቢት ባሮ ይከሳል። ድሮ የሱዳን መርከብ ይቆምበት በነበረው ዳርቻ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፣ ወንዶች ይታጠባሉ። ከነሱ ትንሽ ፈንጠር ብሎ አንድ ሽማግሌ አኙዋክ የዓሣ መረቡን ይጠግናል። ታንኳው የታሰረው ጭቃ ውስጥ ግማሽ በተቀበረ ነገር ጆሮ ላይ ነው። ጠጋ ብዬ አየሁት። ድስት ነው። ተቀጥቅጦ የተሠራ አይደለም፤ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት፣ ውፍረቱ ጣት የሚያህል፣ ሁለት ጆሮ ያለው፣ በግ ሙሉውን የሚውጥ። ዝገቱ እንደ ዛፍ ቅርፊት ተነባብሯል።

«አባባ፣ ይህ ድስት የማን ነው?»

«ድስት አይደለም» አለኝ ቀና ሳይል። «የታንኳዬ ዘበኛ ነው።»

«ድሮስ?»

«ድሮ መርከብ ላይ። እኔ ልጅ፣ ከኩክ ሥር።» ኩክ የሚለው የመርከቡን ወጥ ቤት ነው። ሽማግሌው ራሱ ኦጁሉ ይባላል። መርከቡ ሥራውን ሲያቆም ድስቱን ከዳርቻው ላይ ጥለውት ሄዱ፣ እሱም ታንኳ አሰረበት፤ ስንት ዓመቱ እንደሆነ አልቆጠረውም።

«ስጠኝ። ለታመሙ ልጆች አጥሚት ላበስልበት ነው።»

አሁን ቀና አለ። «ታበስላለህ፣ ወይስ ለብረት ሰው ትሸጣለህ?»

«አበስላለሁ። ወጥ ቤት ነኝ።»

«እጅህን አሳየኝ።»

ዘረጋሁለት። ክንዴ ላይ ያለውን የእሳት ጠባሳ አንድ በአንድ በጣቱ ነካካ፣ ከብት እንደሚገዛ ሰው። «እሺ፣ ኩክ ነህ» አለ። «ድስቱ በሽተኛ ነው። እንዲሁ ብትወስደው ደም ታበላቸዋለህ። እዚህ እናድነዋለን።»

ደም ያለው ዝገቱን ነው። የዚያን ዕለት ትራክተሩ ትቶኝ ሄደ።

ድስቱን ከጭቃው ለማውጣት አራት ዓሣ አጥማጆች አገዙን። መጀመሪያ በድንጋይ ጠርዝ ላዩን ፋቅነው፤ ቅርፊቱ በቁራሽ በቁራሽ ይረግፋል። ከዚያ ኦጁሉ ሮቃ የሚባለውን ጎምዛዛ ፍሬ በውሃ ዘፍዝፎ በዚያ አለበሰው። ጎምዛዛው ዝገቱን ይበላዋል። እስኪበላው ስንጠብቅ ዓሣ ጠብሶ አቀረበልኝ፤ ጾም ነው ብዬ እምቢ አልሁ። እሱ ሳቀ እንጂ አልተቀየመም፤ የተጠበሰ በቆሎ አመጣልኝ። ከዚያ በባሮ አሸዋና በበቆሎ ቆረቆንዳ ፍተጋ። ከተማው መብራት እስኪያበራ ፈተግን። በበነጋው ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ እንደገና። ጥፍሬ ሥር ደም አረገዘ። ረፋዱ ላይ ከቀዩ ሥር ግራጫው ብረት ወጣ፣ እንደ ዓሣ ሆድ።

እኔ ደስ ብሎኝ በንጹሕ ውሃ አለቅልቄ ፀሐይ ላይ ደፋሁትና ልታጠብ ወንዝ ገባሁ። ተመልሼ ሳየው እንደገና ቀልቷል። ሽማግሌው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ኩክ፣ ብረት ራቁቱን አይቀመጥም። ያፍራል። ውሃው ሳይደርቅ እሳት ላይ፣ እሳቱ ሳይበርድ ስብ።»

እንደገና ፈተግን። ስንፈትግ የመርከቡን ወሬ አወራኝ። እዚያ መርከብ ላይ የሱዳን እስላም ነበር፣ ደገኛ ክርስቲያን ነበር፣ አኙዋክ ነበር፣ ኑዌር ነበር፤ የሚበሉት ከአንድ ድስት ነው። ስለዚህ ኩኩ ከማውጣቱ በፊት በጭልፋው የድስቱን ጆሮ ሦስት ጊዜ ይመታና፣ ከመርከቡ ጫፍ እስከ ጫፍ በሚሰማ ድምፅ ውስጡ ያለውን ይጠራል። ዛሬ ዓሣ ነው። ዛሬ በግ ነው፤ ያረደው እስላም ነው። ዛሬ ስቡ የአውሬ ነው። የሚፈልግ ይበላል፣ የማይፈልግ ደረቅ ዳቦውን ይዞ ዞር ይላል። ጠብ የለም።

«ኩክ ከዋሸ ባሮ ውስጥ ይወረወራል» አለኝ።

«የተወረወረ ነበር?»

«አንድ። ዋና ያውቅ ነበር።»

ድስቱ ሲነጻ፣ «ዘይት አለህ?» አለኝ። የለኝም። የጣቢያው መጋዘን ውስጥ በቆርቆሮ ተደርድሮ አለ፤ ያለ ፊርማ አይከፈትም። ከተማው ውስጥም የዚያን ሰሞን በቀበሌ ካርድ እንኳ አይገኝም ነበር። ይህን ስነግረው ከጎጆው አንድ ቅል ይዞ መጣ። ውስጡ ነጭ፣ የጢስ ሽታ ያለው ስብ ነው።

«የምንድን ነው?»

«ጉማሬ።»

እጄን ሰበሰብሁ። ጉማሬ ለኛ የማያመሰኳ አውሬ ነው፣ አይነካም። ለእስላሞቻችንም እንደዚያው። ያውም በዐቢይ ጾም።

«ሌላ የለህም?»

«የዓሣ አለ። የዓሣ ብረት ላይ አይቆይም። ይሸታል።»

ረቡዕ ነው። ነገ ሐሙስ ነው። የድሬሰሩ ቃል ጆሮዬ ላይ ነው። ስቡን አየሁት፣ ድስቱን አየሁት፤ ዓይኔ ሥር መልሶ ሊቀላ የሚፈልግ ብረት።

«ሰዎችህ ጉማሬ ይበላሉ?» አለኝ ሽማግሌው።

«አይበሉም።»

«እንግዲያ ትጠራለህ።»

«እጠራለሁ» አልሁት። ይህን ቃል ልብ በሉልኝ። በአፌ ነው ያልሁት።

ድስቱን ደረቅ እንጨት ላይ አጋልነው። ስቡን በጨርቅ ቀባሁ። እኔ በሀበሻ ልማዴ ጥግብ አድርጌ ቀባሁት፤ ሽማግሌው እጄን መታኝ። «ቀባ። ከዚያ እንዳልቀባህ ሆነህ ጥረግ።» ጠርጌ ጠርጌ ብረቱ ደረቅ ሲመስል በአፉ እሳት ላይ ደፋነው። ጢሱ ተነሣ፣ ቆመ። አብርደን ደግመን ቀባን፣ ጠረግን፣ ደፋን። መጀመሪያ ግራጫ ነበር፣ ከዚያ እንደ ጠይም ሰው ሆነ፣ በስድስተኛው ጠቆረ። ኦጁሉ ከባሮ በመዳፉ ውሃ አምጥቶ ጠብ አደረገበት፤ ውሃው እንደ ዶቃ ተንከባለለ እንጂ ብረቱ አልጠጣውም። «ዳነ» አለ።

እኛ ደገኞች ይህን ማሟሸት እንለዋለን። ሴቶቻችን አዲስ የሸክላ ዕቃ በተወቀጠ ጎመን ዘር ሳያሟሹ አይሠሩበትም። ብረትም እንደሚሟሽ ያየሁት ያኔ ነው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ድስቱን በተጎታቹ ይዤ ገባሁ።

ሐሙስ ጠዋት አጥሚቱ ተንተከተከ። የናፍጣ ሽታ የለውም፣ የዱቄት ሽታ ብቻ። ሴቶቹ ልጆቻቸውን አቅፈው ተሰልፈዋል። ጭልፋዬን አነሣሁ። የድስቱን ጆሮ ልመታ ነበር። እጄ ተነሥቶ ነበር፤ እዋሻለሁ ብዬ አልነበረም ያደርሁት። ግን ከሁሉ ፊት የቆመችው ተዋበች ናት። እናኑ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥላለች። አንገቷ ራሷን አይሸከምም።

«ወንድሜ» አለችኝ ድስቱን እያየች፣ «ደግ ዕቃ አመጣህ። በምን አሟሸኸው?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ የባለሙያ ሴት ጥያቄ ነው፤ ክፋት የለበትም። ልጅቷን አየኋት። እውነቱን ብል ይህች ሴት እንደምትመለስ አውቃለሁ። ሁለት ልጅ የቀበረች ሴት እግዜርን ይበልጥ ላስቀይመው ብላ አትደፍርም።

«በኑግ» አልኋት።

«እግዜር ይስጥህ።»

ጨለፍሁላት። ለልጅቷ በጣት እያስነካች አቀመሰቻት። ሰልፉ ሁሉ ያያል። ልጅቷ ዋጠች። ጠበቅን። እንደገና ዋጠች። ደጀኔ ከኋላዬ ቆሞ ትንፋሹ ይሰማኛል። ጣሳው ሲጋመስ ልጅቷ ዓይኗን ከፈተችና በቀጭን ድምፅ፣ «እማ፣ ጨምሪልኝ» አለች።

ተዋበች አላለቀሰችም። ለራሷ ጣሳ ዘረጋችልኝ። እስከዚያ ቀን ከበርሜሉ አንድም ቀን ጠጥታ አታውቅም፤ ለልጄ ያልተስማማ ለኔ ምን ያደርጋል ትል ነበር። ያን ጠዋት በኔ ቃል ጠጣች። ሌሎቹም ጠጡ። አንዲት ባልቴት ሁለት እጄን ይዛ ጉልበቴን ሳመችኝ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሻችሁም። የድስቱን ጆሮ ግን ሳልመታ ማውጣቴን ቀጠልሁ።

ከሰዓት በኋላ የሁለተኛው አጥሚት ሰልፍ እንደቆመ ትራክተሩ ከከተማ ገባ። ተጎታቹ ላይ ከዱቄት ጆንያዎቹ መካከል ኦጁሉ ተቀምጧል። በሣር የተጠለፈ ዓሣ ይዟል። ድስቱን ሊጠይቅ መምጣቱ ነው፤ በሽተኛ እንደሚጠየቅ። ወርዶ በቀጥታ ወደ ድስቱ ሄደ፣ በሆዱ ላይ መዳፉን አሳረፈ፣ ፊቱ በራ።

«ኩክ፣ ጥቁር ሆነ። ልጆቹ ጠጡ?»

«ጠጡ» አልሁ። ወደ ጎን ልወስደው ክንዱን ያዝሁት።

«ጉማሬው ጥሩ ነው አላልሁህም?» አለ ጮክ ብሎ። ጆሮው ትንሽ ይከብደዋል። «የጉማሬ ስብ ከሁሉም ይበልጣል።»

ሰልፉ ወደ እሱ ዞረ። ሁሉም ሰምቷል።

«ምን አለ?» አለች አንዲት ሴት። «ጉማሬ ነው ያለው?»

አንድ ሽማግሌ ከሰፋሪዎቹ ተጠጋኝ። «ታደሰ፣ ሰውየው የሚለው ምንድን ነው?»

አሁንም በር ነበረኝ። ልወጣበት እችል ነበር። እኔ ግን ከቆምሁበት ሳልነቃነቅ፣ «አማርኛ አይችልም» አልሁ። «ዘላብዶ ነው። ሽማግሌ ነው፣ ጠጥቶ ይሆናል። ድስቱን ያሟሸሁት በኑግ ነው።»

ኦጁሉ አየኝ። ብዙ ሰው በሕይወቴ ተቆጥቶ አይቶኛል፤ እንደዚያ ያየኝ የለም። ቁጣ አልነበረም። የሚያውቀውን ሰው ከሩቅ ለመለየት እንደሚሞክር ዓይነት ነው።

«የኔ አማርኛ ትንሽ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ጉማሬ ግን አውቃለሁ።»

ዓሣውን መሬት ላይ አስቀምጦ ወደ ተጎታቹ ተመለሰ። ትራክተሩ የሚሄደው ነገ ጠዋት ነው። ሌላ የሚሄድበት ስለሌለው ተጎታቹ ጥግ ላይ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ።

ሰልፉ እያጉረመረመም ቢሆን ጠጣ። የኔ ቃል ከአንድ የማያውቁት ሰው ቃል በለጠባቸው። ተዋበች ብቻ ለራሷ አልተቀበለችም።

ደጀኔ ወደ ማድ ቤቱ ተከተለኝ። «እውነት የጉማሬ ነው?»

«ነው።»

ጥቂት አሰበ። «በቃ ዝም በል። የተቃጠለ ስብ ነው፣ የሚበላም አይደለም። ዛሬ ያስታወከ ልጅ የለም። አንዲት ቃል ብትናገር ነገ ግማሹ ወደ በርሜሉ ይመለሳል። የሚሞተው በኔ ደብተር ላይ ነው የሚጻፈው፤ ባንተ አይደለም።»

እውነቱን ነበር። እስከ ዛሬም ተሳስቶ ነበር አልልም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ተዋበች መጣች። እናኑን በጀርባዋ አዝላለች። ልጅቷ ነቅታ በእናቷ ትከሻ ላይ አጮልቃ ታየኛለች፤ እጇ ላይ የአገዳ ቁራጭ አለ። ተዋበች በሩ ላይ ቆመች።

«ግቢ እንጂ።»

«አልገባም። አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው።»

«ጠይቂኝ።»

«በኑግ ነው ያልኸኝ?»

«በኑግ ነው።»

ልጅቷን ከጀርባዋ አውርዳ መካከላችን አቆመቻት። ልጅቷ ከስንት ቀን በኋላ በእግሯ መቆሟ ነው፤ የእናቷን ቀሚስ ጨብጣ ትንገዳገዳለች።

«እንግዲያው እናኑ ትሙት በል።»

በሌላ አገር ያለ አንባቢ ይህ ምን እንደሆነ ላይገባው ይችላል። እኛ ዘንድ ሰው በሐሰት እገሌ ትሙት ብሎ ከማለ መሐላው ማንን እንደሚወስድ ይታወቃል። እኔ የእግዜርን ስም ሳልፈራ የጠራሁ፣ ለኃላፊዎቹ አብዮት ይሙት እያልሁ ስንት ጊዜ የማልሁ ሰው ነኝ። ያንን ማለት የአፍ ሥራ ነበር።

አፌን ከፈትሁ። ልጅቷ አገዳዋን እየመጠጠች አየችኝ። አንድ ጥርሷ ላይ ትንሽ የአጥሚት ቅሪት ነበር።

አልወጣኝም። «እና...» ብዬ ቀረሁ።

ተዋበች ቶሎ አልለቀቀችኝም። «በል እንጂ።»

«አልልም።»

«ለምን?»

«የጉማሬ ነው።»

ትጮሃለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ልጅቷን ጭኗ ላይ አደረገች፣ ጀርባዋን በመዳፏ ታሽላት ጀመር።

«ለልጅቱ አልልህም፤ ሕፃን ናት፣ ጾምም የለባትም፣ እግዜር ያውቃታል» አለች በመጨረሻ። «እኔን ግን ብትነግረኝ ምን ነበረበት? እሷን አብልቼ እኔ መቅረት እችል ነበር። አንተ ለሁለታችንም ቆረጥህልን።»

ይህን አላሰብሁትም ነበር። እመኑኝ፣ ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ልቤ አልመጣም። ወይ ትጠጣለች ወይ ትመለሳለች ብዬ ነበር እንጂ፣ እሷ ራሷ ለሁለት ከፍላ ልትመርጥ እንደምትችል አላየሁም።

«ይቅር በይኝ።»

«እኔን አይደለም» አለችና በአገጯ ወደ ተጎታቹ ጠቆመች። «ያን ሽማግሌ ሰካራም ብለኸዋል። ሰክሮ አልነበረም፤ ሲያልፍ አሽትቼዋለሁ።»

ልጅቷን አዝላ ሄደች።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ በብዙ ቦታ አብስያለሁ። በሰርግ፣ በተዝካር፣ በአልዌሮ ግድብ ሠራተኞች ካምፕ፣ በራሴ ትንሽ ሆቴል። የትም ብሆን ጭልፋዬን አንሥቼ ውስጡ ያለውን ሳልጠራ አውጥቼ አላውቅም። ሰው ይስቅብኛል። አዋጅ ነጋሪው ይሉኛል። አንድ የሰርግ ባለቤት፣ ቂቤው ትንሽ ዘይት ገብቶበት ነበርና፣ ያንን ስለጠራሁበት አባሮኛል። ይሁን።

ግን እውነት ተናገሩና ሁሉም ያምራል ልላችሁ አልጻፍሁም። ዓርብ ለሁሉም እውነቱን ከጠራሁ በኋላ ስድስት እናቶች ልጆቻችንን ከዚህ ድስት አናጠጣም አሉ። ለእነሱ በበርሜሉ ለብቻ አበሰልሁ፤ ሌላ ምንም አልነበረኝም። ከነዚያ ልጆች አንዱ በሳምንቱ ሞተ። ወባም ነበረበት። በወባው ይሁን በናፍጣው፣ ደጀኔም አላወቀም፣ እኔም አላውቅም። እውነትህ ገደለው የሚለኝ ቢኖር አልቆጣውም፤ እኔም ብዙ ጊዜ ለራሴ ብዬዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ አውቃለሁ። ሐሙስ ጠዋት እጄ በተነሣበት ጊዜ ጠርቼ ቢሆን፣ ምናልባት ተዋበች እንዳለችው ለልጆቻቸው ሰጥተው እነሱ ይቀሩ ነበር። ዓርብ ግን የሰሙት ከዋሸ ሰው አፍ ነው። ከስቡ የሸሹት ጥቂት ናቸው፤ ብዙዎቹ የሸሹት ከኔ ነው። ናፍጣ የገባበት በርሜል ቢታጠብም እንደማይለቅ፣ ቃሌም እንደዚያ ሆኖባቸው ነበር።

የዚያን ዓርብ ጠዋት ያደረግሁትን ነግሬያችሁ ላብቃ።

አጥሚቱን አበሰልሁ። እናቶቹ ተሰለፉ። ትራክተሩ ሞተሩን አስነሥቷል፤ ኦጁሉ ተጎታቹ ላይ ጀርባውን እንደሰጠን ነው። ደጀኔ በመስኮት ያየኛል፤ ራሱን ወዲያና ወዲህ ነቀነቀልኝ። ጭልፋዬን አንሥቼ የድስቱን ጆሮ ሦስት ጊዜ መታሁ። የብረቱ ድምፅ እንደ ደወል ነው፣ ሄደ። ሽማግሌው ሲሰማው ዞረ።

«ውስጡ ዱቄት፣ ስኳርና ጨው ነው» አልሁ። «ውሃው የጉድጓዱ ውሃ ነው። ድስቱ የተሟሸው በጉማሬ ስብ ነው። በኑግ ነው ያልሁት ውሸት ነው። ይህ አባት ትናንት የተናገረው እውነት ነው፤ አልሰከረም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ከኋላ አንዷ ልጇን አቅፋ ወጣች። ሌላዋ ተከተለቻት። ባልቴቷ፣ ጉልበቴን የሳመችኝ፣ ወደ መሬት ተፋች። ተዋበች ከፊት አልነበረችም፤ ከመካከል ወጥታ መጣች። እናኑን በእጇ ይዛታለች። የልጅቷን ጣሳ ዘረጋችልኝ።

«ለሷ ጨልፍ» አለች። «ለኔ አትጨልፍ።»

ልጨልፍ ጎንበስ ስል ከተጎታቹ ላይ የኦጁሉ ድምፅ መጣ።

«ኩክ።»

ቀና አልሁ።

«ድምፅህ ትንሽ ነው። መርከብ ላይ ቢሆን የኋለኛው አይሰማም።»

ከሰልፉ የወጡት ሴቶች እውነትም ከጎጆዎቹ አልፈው ነበር፤ ከወዲያ ማዶ ያሉት ደግሞ ገና እየመጡ ነው። ጭልፋውን እንደገና አነሣሁ፣ ጆሮውን መታሁ፣ በደረቴ ያለውን ሁሉ አውጥቼ ከመጀመሪያው ጀምሮ ደግሜ ጠራሁ።